አባቷን በቁሙ የቀበረች ልጅና ዋና ከተማ ልትሆን የነበረች ከተማ

ባለፈው ሳምንት ስለ ቅናት የጀመርነውን ጨዋታ ዛሬ እንጨርሳለን ብዬ ነበር። ይቆየን። አንድ ደብዳቤ ደርሶኝ እንቅልፍ ነስቶኛልና ዛሬ እሱን ካልተነፈስኩት አይሆንልኝም። የጸሐፊዋን ስም፣ የሥራ ቦታዋንና ሠፈሯን እንደ ልማዳችን ትቼዋለሁ። ደብዳቤው ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ላቅርበው።

«እህቴ፣ ዕድሜዬ 26 ነው። አዲስ አበባ ከመጣሁ 9 ዓመት ሆነኝ። የማድገው አጎቴ ቤት ነበር፤ አሁን ግን ሥራ ይዤ ከጓደኛዬ ጋር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አንድ የምወደው ልጅ አለ። ሦስት ዓመት አብረን ሆነናል። እሱ የከተማ ልጅ ነው፤ እናቱም አባቱም የመንግሥት ሠራተኛ የነበሩ፣ አያቱም እዚሁ የተወለዱ። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን ‹የት ነው ያደግሽው?› ሲለኝ ‹እዚሁ› አልኩት። ‹ቤተሰቦችሽስ?› ሲለኝ ‹ሁለቱም የሉም› አልኩት። እናቴ እውነትም የለችም፤ ሕፃን ሆኜ ነው የሞተችው። አባቴ ግን አለ። ገበሬ ነው። ዛሬም በሬ ጠምዶ ያርሳል። ሲደውልልኝ ‹አጎቴ ነው› ብዬ ወጣ ብዬ አናግረዋለሁ። አሁን ልጁ ሽማግሌ ልላክ ብሏል። አጎቴን ‹አንተ አባት ሆነህ ተቀበልልኝ› ብዬ ልለምነው አስቤያለሁ። አባቴን ከነገርኩት ደግሞ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ምን ትመክሪኛለሽ? የአገሬን ስም ብትጠሪው ግድ የለኝም፣ አዲስ ዓለም ነው የሚባለው፣ ማንም አያውቀውም።»

እኔን የነካኝ የመጨረሻው ነው። «ማንም አያውቀውም» ነው ያለችው። ልጅት ሆይ፣ አባትሽን ከመቅበርሽ በፊት አገርሽን ቀብረሻታል ማለት ነው! እና እኔ ምን አደረግሁ? ቅዳሜ ጠዋት ወደ አምቦ መስመር የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። አባቷን ፍለጋ አይደለም፣ የሰው ምስጢር አላወጣም። ከተማዋን ለማየት ነው።

አዲስ ዓለም ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ቡራዩን፣ መናገሻን፣ ሆለታን አልፎ፣ ጊንጪ ሳይደረስ። አንዳንዱ ሰው ከቤቱ ሥራ ለመግባት የሚፈጅበትን ጊዜ ያህል ተጉዤ ደረስኩ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወረዳው ኤጄሬ ይባላል፤ ከተማዋንም በሁለቱም ስም የሚጠራት አለ። ኦሮምኛውም አማርኛውም በአንድ ጨዋታ ውስጥ እየተቀላቀለ ይነገራል። ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ሱቅ፣ ሻይ ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ ባጃጅ፣ አህያ አለ። ከቤቶቹ ጀርባ ደግሞ ወዲያው እርሻ ይጀምራል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ጥቁሩ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ። ዝም ብሎ ላለፈ ሰው «ምን አላት?» የሚያሰኝ ዓይነት ከተማ ናት። በአምቦ መንገድ ስንቶቻችን አልፈናል፣ ቀና ብለን ሳናያት!

እንግዲህ ስሙኝ። ይቺ «ማንም የማያውቃት» ከተማ የኢትዮጵያ ዋና ከተማ ልትሆን ነበር። ቀልዴን አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከማገዶ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ስትቆረቆር ዙሪያዋን ጥድና ወይራ ነበራት። ታዲያ ቤተ መንግሥት አለ፣ የመኳንንቱ ግቢ አለ፣ ስንትና ስንት ሺህ ወታደር አለ። እንጀራው በእንጨት ይጋገራል፣ ወጡ በእንጨት ይበስላል፣ ጠጁ በእንጨት ነው፣ ቤቱም የሚሠራው በእንጨት ነው። ያኔ የኤሌክትሪክ ምጣድ የለ! ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጋራው ተራቆተ፤ እንጨት ከሩቅ መምጣት ጀመረ። የድሮ ነገሥታት እንዲህ ሲሆን መላቸው አንድ ነበር። ድንኳን ነቅሎ ዛፍ ወዳለበት መሄድ። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ከአንኮበር፣ ከልቼ፣ ከእንጦጦ አልፈው ነው አዲስ አበባ የደረሱት። አንድ ከተማ ቢጨምሩ ምን ይደንቃል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1900፣ በእኛ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ከዐድዋ ድል አራት ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዛፍ የሞላበትን ይህን ከፍታ መረጡና ቤተ መንግሥት እንዲሠራ አዘዙ። ቦታውም አዲስ ዓለም ተባለ። እስቲ ስሙን ልብ በሉት። ባለቤታቸው እቴጌ ጣይቱ «አዲስ አበባ» ብለው የሰየሟት አለች፤ እሳቸው ደግሞ አዲስ ዓለም አላቸው። ባልና ሚስት በሁለት ከተማ! መጨረሻ ላይ ያሸነፈችው የሚስት ከተማ መሆኗን ለዚህ ዓምድ አንባቢዎች ሳልጠቁም ባልፍ ቅር ይለኛል።

ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የሚወስድ መንገድም ተሠራ። በዘመናዊ አሠራር ከተሠሩት ከአገሪቱ የመጀመሪያ መንገዶች አንዱ ይኸው ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ቀለበት መንገድ፣ ኮሪደር እያልን የምናወራው ሁሉ፣ ታላቅ ወንድሙ ወደዚያች «ገጠር» የሚወስደው መንገድ ነው።

ታዲያ ለምን ቀረ? አንድ ዛፍ አስቀረው። ባሕር ዛፍ! ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ቶሎ ያድጋል፣ ተቆርጦ ከጉቶው መልሶ ይበቅላል፣ ከብት አይበላውም። ንጉሡ ችግኙ እንዲሰራጭ አደረጉ፤ ባሕር ዛፍ ለተከለ ሰው የግብር ምሕረት እስከመስጠት ደረሱ። በዚያ ላይ የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች አዲስ አበባ ውስጥ በድንጋይ መገንባት ጀምረዋል፤ መኳንንቱም ቤት ንብረት አፍርተዋል። ማን ደግሞ እንደገና ይነቀል? ሁለት ሦስት ዓመት ሳይሞላ ሐሳቡ ተለወጠ። የተጀመረው ቤተ መንግሥት ወደ ቤተ ክርስቲያን ዞረ። ዛሬ የአዲስ ዓለም ማርያም የምትባለው እሷ ናት። ኮረብታው ላይ ቆማ ከሩቅ ትታያለች። ግቢዋ ውስጥ ሙዚየም አለ፤ የነገሥታት አልባሳትና ዘውድ ይታይበታል።

እኔማ ኮረብታው ላይ ቆሜ ሳስበው ሳቄ መጣ። ሐሳቡ ባይለወጥ ኖሮ በ1901 ዓ.ም የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እዚህ ይሆን ነበር። የጣይቱ ሆቴል እዚህ፣ የመጀመሪያው ባንክ እዚህ፣ የባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ እዚህ። ፒያሳ እዚህ! የኛ ደብዳቤ ጸሐፊ «የአዲስ ዓለም ልጅ ነኝ» ብላ ስትንጎራደድ፣ ልጁ ደግሞ «ከአዲስ አበባ ከምትባል ገጠር ነው የመጣሁት» እያለ ሲያፍር ይታያችሁ። «ፋራ» እና «አራዳ» የምንለው ነገር እንዲህ በአንድ የማገዶ ጉዳይ የሚገለበጥ ነው። አራዳ ራሱ እኮ የገበያ ስም ነው። ገበያው ያለው ጊዮርጊስ አጠገብ ስለነበረ እንጂ ሌላ ተአምር የለውም።

ይህ እንግዲህ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው። ከተማዋን የሠሯት ግን ነገሥታት አይደሉም። ንጉሡ መጥተው ሄዱ፤ ገበሬው ቀረ። ስለዚህ የቀረውን ሰው ፈለግሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ስወርድ አንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ አባት አገኘሁ። ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። ጋዜጣ ላይ እንደምጽፍ ነገርኳቸው። «ስሜን አትጻፊ፤ የጻፍሽውን ግን አምጪልኝ» አሉኝ። ሁለት ሰዓት አወሩኝ። ሻዩን የከፈሉትም እሳቸው ናቸው፤ እምቢ ብል ተቆጡ።

አያታቸው ለዚያ ቤተ መንግሥት እንጨትና ድንጋይ ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ። «ለንጉሥ ነው ተብሎ የተሸከመው ለማርያም ሆነ። ሲያረጅ ‹እንኳን ሆነ፣ ንጉሥ ያልፋል› ይል ነበር» አሉኝ። አባታቸው ጢሰኛ ሆኑ፣ እሳቸውም ጢሰኛ። እናንተ የከተማ ልጆች «ጢሰኛ» የምትለዋን ቃል ለታሪክ ፈተና ካልሆነ አታውቋትም። እኔም እንደናንተው 12ኛ ክፍል ለማለፍ ነበር የሸመደድኳት። እሳቸው ሲያስረዱኝ ግን ሌላ ነገር ሆነች።

«ልጄ፣ ጤፍ ዘርተሽ፣ አርመሽ፣ አጭደሽ፣ አውድማ ላይ ከምረሽዋል እንበል። ልጆችሽ ራበን ይሉሻል። ክምሩ ደጅሽ ነው፤ ግን አትነኪውም። የባለመሬቱ ሰው መጥቶ እስኪያይና እስኪሰፍር ትጠብቂያለሽ። ዝናብ ከመጣ ከነክምሩ ይበሰብሳል። መጣም አልመጣም ዕዳው ያንቺ ነው። ከተወቃ በኋላ የባለመሬቱን ድርሻ ታወጫለሽ፣ አሥራቱን ታወጫለሽ፣ ለበዓል ደግሞ በግ ይዘሽ ትሄጃለሽ። የተረፈው ላንቺ ነው።»

ይህንን ሲያወሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም። እንደ ትናንት ገበያ ነው የሚያወሩት።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም መጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ነው የተባለበት አዋጅ። ሬዲዮ የነበረው አንድ ባለሱቅ ነበር፤ እሱ ደጅ ላይ ተሰብስበው ሰሙ። «ያመነ አልነበረም። አንዱ ጎረቤቴ ‹ነገ ይሽሩታል› ብሎ የዚያን ዓመት ድርሻ ደብቆ ለጌታው ወሰደለት። ጌታው ራሱ ‹አይ፣ ይቅርብህ፣ ችግር ውስጥ ትከተኛለህ› ብሎ መለሰው» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን የሚያስቅ አይደለም፤ የዚያ ሰው ፍርሃት ስንት ትውልድ የወረደ ነው?

በዚያው ዓመት የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችም መጡ። ከተለያየ ከተማ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና አስተማሪዎች ወደ ገጠር የወጡበት ዘመቻ ነው። የኔ አባት ፊደል የቆጠሩት ያኔ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው። ያስቆጠረቻቸው ሱሪ የለበሰች፣ ፀጉሯን ያጎፈረች የአዲስ አበባ ልጅ ናት። «ጎበዝ ነበረች። ስሜን መጻፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ግን ምን ታደርጊዋለሽ፣ ገብስና ስንዴ መለየት አትችልም! እኔ ‹ሀ›ን ከ‹ሐ› ስስት እሷ ትስቃለች፣ ማሳ ስንወጣ ደግሞ እኔ እስቃለሁ። ሳቃችንን ተከፋፈልነው» አሉኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብያለሁ። ፋራው ማነው? ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ወይስ እንጀራ እየበላች ጤፍ ምን እንደሚመስል የማታውቀው ልጅ? ለሁለቱም አልፈርድም፤ ሁለቱም ሳይናናቁ መማማራቸው ነው የገረመኝ። ያቺ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለች እሷም 70 ተሻግራለች። አንድ ሽማግሌ አዲስ ዓለም ላይ ስሙን በጻፈ ቁጥር እንደሚያስታውሳት የነገራት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጮማ አልነበረም። ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በመንግሥት ዋጋ የሚገባው ኮታ መጣ። ምርት በጠፋበት ዓመት ኮታው አይጠፋም። «ከገበያ በውድ ገዝቼ ለመንግሥት በርካሽ ያስገባሁበት ዓመት አለ። ሂሳብ ያስተማሩን ለዚህ ነው ወይ ብለን ነበር» አሉኝ። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። በመሐል ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ የመንደር ምሥረታ ነበር። ቤትህን አፍርሰህ ከሌላው ጋር ተሰልፈህ ሥራ የሚባል ነገር። ስለ እሱ ብዙ አላወሩኝም። «እናቴ የሞተችው ያኔ ነው» ብለው አለፉት። እኔም አለፍኩት።

ስለ ባሕር ዛፍ ስጠይቃቸው ግን ፈገግ አሉ። ያ ከተማቸውን ከዋና ከተማነት ያስቀረው ዛፍ ዛሬ የሚያኖራቸው እሱ ነው! ጓሯቸው ላይ የተከሏት ባሕር ዛፍ አለች። በስድስት በሰባት ዓመት አጠና ትሆናለች፤ ነጋዴ መጥቶ በቁሟ ይገዛል፣ ይጭናል፣ አዲስ አበባ ለፎቅ መወጣጫ ትቆማለች። «ባንክ ናት» አሉ። ልጅ የሚድረው፣ ትምህርት ቤት የሚከፈለው፣ የታመመ የሚታከመው በሷ ነው። ውኃ ትመጣለች፣ አጠገቧ ሰብል አይሆንም እያሉ የሚጨቃጨቁም አሉ፤ እሳቸውም ይህን አይክዱም። «ምን እናድርግ፣ መሬቱ ጠበበ፣ ልጁ በዛ» ነው መልሳቸው። አምስት ልጆች አሏቸው። ሦስቱ አዲስ አበባ ናቸው።

«ይጠይቁዎታል?» አልኳቸው።

«ጤፍ ሲወደድ ይደውላሉ» አሉ፤ ከዚያ የሻይ ብርጭቋቸውን ገልበጥ አድርገው አስቀመጡ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ እህቴ። እስካሁን ያወራሁት ላንተ ነው ላንቺ ነው ሳልል ለሁሉም ነው፤ ይህኛው ግን ላንቺ ብቻ ነው።

ስለ ምኒልክ ያወራሁልሽ ለልጁ ሄደሽ «የኔ አገር እኮ ዋና ከተማ ልትሆን ነበር» ብለሽ እንድትፎክሪ አይደለም። ብትፎክሪም ደስ ይለኛል፣ ግን ንጉሥ አንድም ቀን ያልረገጣት አገር ብትሆንም መልሴ ያው ነበር። ችግርሽ አዲስ ዓለም አይደለችም። ችግርሽ በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ማለትሽ ነው። ከገጠር መምጣት ውሸት አያስፈልገውም፤ አንቺ ግን በ23 ዓመትሽ፣ በአንድ ቡና ላይ፣ ደንግጠሽ የተናገርሽው አንድ ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ እየመገብሽው አድጓል። አሁን ደግሞ አጎትሽን ልትጨምሪበት ነው።

አጎትሽን አትለምኚው። ለምን መሰለሽ? መጀመሪያ ነገር፣ እሺ ካለሽ የገዛ ወንድሙን እንደ ሞተ ቆጥሮ በሽማግሌ ፊት ሊቀመጥ ነው። ምን ያህል እንደምትጠይቂው አስበሽዋል? ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ሲመጣ ዝም ብሎ ጠጅ ጠጥቶ አይሄድም። ዘር ይቆጥራል፣ አገር ይጠይቃል፣ «አባቷ መቼ ነው ያረፈው፣ የት ነው የተቀበረው?» ይላል። መቃብር ልትፈልጊ ነው? ይሄ ሁሉ አልፎ ሠርጉ ተሠርቶ ልጅ ብትወልጂ፣ ከአዲስ ዓለም ማር ይዞ የሚመጣውን ሽማግሌ ልጆችሽ ምን ብለው ይጥሩት? «ጋሼ»?

እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ለልጁ ንገሪው፤ ሽማግሌ ከመንቀሳቀሱ በፊት፣ ብቻችሁን፣ በአካል። በስልክ መልእክት እንዳትሞክሪ! ካፌም አይሁን፤ ሰው እያየው የሚደነግጥ ወንድ ኩራቱን ለማዳን ሲል ያላሰበውን ይናገራል። ከቤት ወጣ ብላችሁ እየሄዳችሁ ይሁን። ነገሩን አታስረዝሚው። «አባቴ አለ። ገበሬ ነው። አፍሬ ዋሸሁህ» በቂ ነው። ማልቀስ ከመጣ ይምጣ፣ ግን ለቅሶሽን መከራከሪያ አታድርጊው። እሱ ይናደዳል። መብቱ ነው። የሚናደደው በሬው ላይ ሳይሆን በሦስት ዓመቱ ላይ ነውና «ገጠሬ ስለሆንኩ ናቅኸኝ» ብለሽ እንዳትገለብጭበት። ሳምንት ስጪው፣ ሁለት ሳምንት ስጪው። «ሌላስ ምን ዋሽተሽኛል?» ብሎ ይጠይቅሻል፤ ይህ የማይቀር ጥያቄ ነው፤ መልሱን ይዘሽ ሂጂ።

በበሬው ምክንያት ከተወሽ ደግሞ… ከጥሎሽ በፊት መሆኑ ጥሩ ነው፤ ሌላ ምን እላለሁ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ የማትስማሙበት ነገር ልናገር። ለአባትሽ «ሞተሃል ብዬ ነበር» ብለሽ አትንገሪው። «እውነት ነፃ ታወጣለች» የሚሉ ወዳጆች ይኖሩሻል። አንቺን ነፃ ታወጣ ይሆናል፤ እሱን ግን ታስረዋለች። ሸክሙ ያንቺ ነው፤ ለአሮጌ ትከሻ አታቀብይው። ይልቅ ሂጂ። በስልክ አይደለም፣ በእግርሽ። ስንት ዓመትሽ ነው ሳትሄጂ? ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፤ አለመጻፍሽን ግን አይቻለሁ። ሄደሽ አብረሽው እደሪ። የምትወጂው ልጅ እንዳለና ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ንገሪው፤ ሌላውን እሱ ያውቅበታል። የጎረቤት ሽማግሌ ይጠራል፣ በግ ይመርጣል፣ አጥር ያድሳል። ለአንድ ገበሬ ሴት ልጁን ብሎ ከአዲስ አበባ ሽማግሌ ደጁ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ለሌሎቻችሁም አንድ ነገር አለኝ። ከአዲስ ዓለም ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ የኮሌጅ ተማሪ «የኔ አባት አገር ደጀን ነው፤ አንድም ቀን አልሄድኩም» አለኝ። «ስለ ደጀን ምን ታውቃለህ?» ስለው «ዓባይ በረሃን እንደወጣህ ነው» አለኝ። አለቀ! ስንቶቻችን ነን እንዲህ የሆንን? በአባት አገር ቢጠየቅ አውቶቡስ የሚቆምበትን ብቻ የሚያውቅ ስንት አለ! አሁን በየኪሳችን ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ይዘን እንዞራለን፤ የቀዳነው ግን ዘፈንና ቀልድ ነው። በዓል ላይ አያታችሁ ቤት ስትሄዱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ጠይቁ። «ታሪክ ንገሩኝ» አትበሉ፤ እንዲያ ሲባሉ ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት ያወራሉ። «ገበያው የት ነበር? ጨው በስንት ይገዛ ነበር? መሬቱ የማን ነበር? የመጀመሪያውን መኪና ያየኸው መቼ ነው? ወፍጮ ሳይመጣ ማን ይፈጭ ነበር?» በሉ። የኔን ሽማግሌ ሁለት ሰዓት ያስወራቸው «ያኔ ክምሩን ማን ይጠብቀው ነበር?» የሚል አንድ ጥያቄ ነው። እነዚህ ሰዎች ስንት ዓመት ይቆዩናል? እሳቸው ሲያልፉ ያ የተመለሰው የጌታ ድርሻና ያቺ ገብስና ስንዴ የማትለይ ዘማች አብረው ነው የሚሄዱት።

ወደ ሽማግሌው ጉዳይ ልመለስና ቀኑን እንቁረጥ፤ ልጅቷ እሱንም ጠይቃለችና። ልጁ «በአንድ ወር ውስጥ» ብሏል አሉ። አይሆንም! ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ ገበሬ አውድማ ላይ እያለ ሽማግሌ አይቀበልም፤ ቢቀበልም ልቡ ክምሩ ጋ ነው። ጥር ይሁን። እህሉ ጎተራ ይገባል፣ እጅ ይፈታል፣ አገሩም የሠርግ ወር ላይ ነው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ደግሞ ይለቅ። ቢቻል በገበያ ቀን አይሁን፣ ቤት ውስጥ ሰው አይገኝም። ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ደህንነት ወደዚያ ደውሎ መጠየቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ጠዋት በጊዜ ይውጡ፣ ጋቢም ይያዙ፤ ያ አገር በጥር ጠዋት ብርዱ አይቻልም።